ልብ አስቀድሞ ስለ ወደደው ምስክር

ሰው ፍርድ በሚሰጥበት ጊዜ የቀረቡለትን ምስክሮች ሁሉ በእኩል ዓይን ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልቡ አስቀድሞ ቈርጦ ያደረ ነው፤ ምስክሮቹንም የሚጠራቸው ሊመረምራቸው ሳይሆን አሳቡን እንዲያጸኑለት ነው።

የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ለማስመለስ በተነሣ ጊዜ 400 ያህል ነቢያትን ሰብስቦ ጠየቀ፤ ሁሉም በአንድ ቃል ውጣ አሉት። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ግን በዚህ አልረካምና ሌላ ነቢይ እንዳለ ጠየቀ። ሳይጠራ የቀረ አንድ ሚክያስ ነበር፤ የቀረውም ሐሰተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ አይደለም፥ ለንጉሡ ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለማይናገር ነው እንጂ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሚክያስ በመጀመሪያ እንደ ሌሎቹ በመለሰ ጊዜ፥ እውነቱን እንዲናገር በመሐላ ያጠበቀበት ራሱ አክዓብ ነው። እውነቱንም ሰማ፤ ሰምቶም ነቢዩን ወደ ግዞት ቤት ሰደደው። ወደ ሰልፍ ሲገባ ግን ልብሱን ለወጠ፤ የናቀውን ቃል በልቡ ፈርቶት ነበርና። አንድ ሰው ሳያነጣጥር የወረወረው ፍላጻ አገኘው፥ በዚያውም ዕለት ማታ ሞተ።

በቅርቡ ዘመን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ጠባይ በፈተና መርምረውታል። እንግሊዛዊው ፒተር ዌሰን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ ለ29 ተማሪዎች 2፥ 4፥ 6 የሚሉትን ቍጥሮች ሰጥቶ፥ የራሳቸውን ሦስት ሦስት ቍጥር እያቀረቡ የአደራደሩን ሕግ እንዲያገኙ ጠየቃቸው። ሕጉ ቍጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መውጣታቸው ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ግን ሁለት ሁለት ይጨመራል ብለው ገምተው፥ 8፥ 10፥ 12 እንደሚሉት ያሉ ግምታቸውን የሚያጸኑ ቍጥሮችን ብቻ አቀረቡ፤ በመጀመሪያ መልሳቸው ሕጉን ያገኙት 6 ነበሩ። ግምቱን ለማፍረስ 1፥ 2፥ 3 ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። በዚህ ፈተና ጥቅምም ቂምም አልነበረበትም።

እንግዲህ ባልና ሚስት ለማስታረቅ የተቀመጠ የንስሐ አባት «ለማንም አላደላም» ማለቱ ብቻ አይበቃውም። ቀድማ የመጣችው ሚስት ባሌ ሰካራም ነው ብላ ከነገረችው፥ ባልየው ዝም ሲል ጥፋቱን ያመነ፥ ሲቈጣም ስካሩ የገለጠው መስሎ ይታየዋል። ጎረቤቱንም «ሲጠጣ አይታችሁታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ፥ በደኅና ወደ ቤቱ ስለሚገባባቸው ቀኖች አይጠይቅም። መጽሐፈ ምሳሌ በ18ኛው ምዕራፍ ቀድሞ ስለሚከራከር ሰው የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። አባት ሆይ፥ ሴቲቱ ተሳስታ ብትሆን ምን ምልክት ይገኝ ነበር? ያን ምልክት የሚያውቁ ሰዎች የሚጠሩበት ሌላ ቀጠሮ ይሰጥ፤ ባለጉዳዮቹ ደጅ ቆመው ፍርዱን ዛሬ ቢሹም።