በሊትር ስንት ትሄዳለች? የመኪናዎን የነዳጅ ፍጆታ በራስዎ ለመለካት

መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ነው። ደላላው አንድ ቁጥር ይነግረዋል፤ ፋብሪካውም ላቦራቶሪ ውስጥ ለክቶ ያወጣው ሌላ ቁጥር አለው። ሁለቱም ግን ጠዋት ከአያት ተነስቶ በመገናኛ አድርጎ ሜክሲኮ ለሚገባ ሰው የተለኩ አይደሉም። የእሱን መንገድ፣ የእሱን መጨናነቅና የእሱን እግር የሚያውቅ ልኬት የራሱ ብቻ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ታንኩን ሙሉ ያስሞሉ። ብዙዎቻችን «የ2,000 ብር ቅዳ» ማለት ስለለመድን ፍጆታችንን የምናስበው በብር ነው። ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ግን የብር ስሌት ይፋለሳል፤ መመዝገብ ያለበት ሊትሩ ነው። የመቅጃው እጀታ ታንኩ ሲሞላ በራሱ ቀጭ ብሎ ይዘጋል፤ እዚያው ላይ ይቁም። ቀጂው ሒሳቡን ሙሉ ቁጥር ለማድረስ ነካ ነካ እያደረገ ሊጨምር ስለሚችል አስቀድመው «ሲዘጋ በቃ» ይበሉት። ከዚያ ከማደያው ሳይወጡ ቀኑንና ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ይጻፉ። «ትሪፕ» የሚባለውን ቆጣሪ ዜሮ ማድረግም ይቻላል፤ ባትሪ ሲነቀል ወይም ሌላ ሰው ሲነካው ግን ስለሚጠፋ ጠቅላላው ይሻላል።

ቀጥሎ እንደ ወትሮው ይንዱ። እየለካሁ ነው ብሎ በዝግታ መንዳት ቁጥሩን ያሳምረዋል እንጂ እውነቱን አያሳይም። ታንኩ ከግማሽ በታች ሲወርድ በተቻለ መጠን ወደዚያው ማደያ፣ ወደዚያው መቅጃ ተመልሰው በዚያው መንገድ ያስሞሉ። ቦታው ቢለያይ አንዱ ላይ መኪናዋ አዘንብላ ልትቆም ትችላለች፤ ያኔ ታንኩ ውስጥ አየር ይቀርና እጀታው ቶሎ ይዘጋል። በአሞላል ላይ የ1 ሊትር ስሕተት ቢፈጠር፣ የቀዱት 10 ሊትር ከሆነ ውጤቱን በ10 በመቶ ያዛባዋል፤ 35 ሊትር ከሆነ ግን ከ3 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ትንሽ ነድቶ መለካት ዋጋ የለውም።

ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፍ በበዛበት ሰሞን ሙሉ ማስቀዳት ላይቻል ይችላል። ይህ ልኬቱን አያበላሽም። በመሐል በጥቂት በጥቂቱ የቀዱትን ሁሉ፣ በጀሪካን የጨመሩትም ካለ እሱንም፣ በሊትር ይመዝግቡ። ዋናው ነገር መጀመሪያውና መጨረሻው ሙሉ ታንክ መሆኑ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው ሙሉ ታንክ በኋላ ለተቀዳው ሊትር ያካፍሉ። ቢያንስ የሦስት ሙሉ ታንክ መዝገብ ይኑርዎት። አማካይ ሲያወጡ ግን የየታንኩን ውጤት ደምረው አያካፍሉ። በ30 ሊትር 420 ኪሎ ሜትር ከሄዱ 14 ነው፤ በ20 ሊትር 180 ከሄዱ 9 ነው። የ14 እና የ9 አማካይ 11.5 ይላል፤ እውነቱ ግን 600 ኪሎ ሜትር ለ50 ሊትር ስለሆነ 12 ነው።

እንደኛ ባለ ተራራማ አገር ሰው አብዝቶ የሚታለለው በከፍታ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ የወረደ ሰው ያገኘውን ቁጥር በደስታ ያወራል። መንገዱ ግን በጠቅላላው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሰው የጫነች 1,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያንን ከፍታ መልሳ ስትወጣ፣ ለመውጣቱ ብቻ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ታቃጥላለች። አባይ በረሃን ለሚያቋርጥማ ልዩነቱ የባሰ ነው። ስለዚህ የአገር አቋራጭ ጉዞ ሲለኩ ደርሶ መልሱን አንድ ላይ ይያዙ። የከተማና የአገር አቋራጭ መዝገብም ለየብቻ ይሁን፤ ሁለቱን የቀላቀለ ቁጥር ለየትኛውም አይሆንም።

ቆጣሪው ራሱም ሊሳሳት ይችላል። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ብዙ ይዞራል፣ ኪሎ ሜትሩን ያበዛል፤ ከፋብሪካው መጠን የሚበልጥ ጎማ ከታሰረ ደግሞ ያሳንሳል። በረጅም መንገድ ላይ የስልክዎን ጂፒኤስ ከፍተው ያነጻጽሩ። ስልኩ 50 ሲል ቆጣሪው 52 ካለ ውጤትዎን በ0.96 ያባዙ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የፍጆታ ቁጥር ግን እንደ ግምት ይውሰዱት፤ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ አሳምሮ ያሳያል።

የራስዎን ቁጥር አንዴ ካወቁ ጥቅሙ የሚታየው ሲወርድ ነው። መንገድዎ ሳይቀየር 12 የነበረው በተከታታይ 10 ከሆነ መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ የጎማውን ንፋስ ያስለኩ። ቀጥሎ ነድተው እንደቆሙ እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ ያድርጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ሳይለቅ ይዞ ይሆናል። ከዚያ የአየር ፊልትሮና ካንዴላ ይታይ። መካኒክ ጋ ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ «ነዳጅ ትበላለች» ብቻ ከሚሉት «ከጥር ጀምሮ ከ12 ወደ 10 ወርዳለች» ቢሉት ፍለጋውን ያሳጥርለታል።