መምህርም ከሕግ በታች ነው

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ፊደል ከምትቈጥሩት መካከል ነገ መምህራን የሚሆኑ አሉ። ስለዚህ መልካም መምህር ሌላውን ከማስተማሩ አስቀድሞ ራሱ ሊጠብቀው የሚገባውን ነገር ከአሁን ጀምሮ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ብልባላ በላስታ ደጋ፥ ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ያለች አገር ናት። ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ የሚባሉት ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ይገኛሉ። የአገሩ ሰው ማንም ሳያስገድደው ተሰብስቦ በሥርዓት የሚኖርበት ልማድ አለው። በሰንበቴ ማኅበር ምግቡንና ጠላውን የሚያቀርበው በተራ ነው፤ ባለጠጋ ነው ተብሎ ተራው የሚታለፍ የለም። በወሎ ቅሬ፥ በሌላው አገር እድር በሚባለው ማኅበርም ሰዎች መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ያለ ምክንያት ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል።

ሽማግሌዎች ስለ ጥንቱ ዳኝነት ሲናገሩም እንዲህ ይላሉ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን አቈራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ዳኛ በቅርብ ባይገኝም መንገደኛውን አቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር። መንገደኛው ወታደር አልነበረውም፤ ነገር ግን ሁለቱም ከሕግ በታች መሆናቸውን ስላመኑ ቃሉን ይሰሙት ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም ተረት የመጣው ከዚህ ነው። ሰውን የሚያሳዝነው የጠፋው ዕቃ ብዛት ሳይሆን ፍርድ መጓደሉ ነውና።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ባላገሩ ገዢውን አይመርጥም ነበር። ዴሞክራሲ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ዴሞስ ሕዝብ፥ ክራቶስም ሥልጣን ማለት ነው። ይህም ሥልጣን የሕዝብ ነው ማለት ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ እንደራሴዎችን እንዲመርጡ የተፈቀደላቸው መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ በ38ኛው አንቀጽ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ በ9ኛውም አንቀጽ ዜጎችም ባለሥልጣኖችም ሕገ መንግሥቱን እንዲያከብሩ ያዝዛል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፏል። ልጅ ግን ይህን መጽሐፍ ማንበብ ሳይችል አስቀድሞ የመምህሩን ሥራ ያያል። ነገሩን በምሳሌ እንግለጠው።

አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ማስተማርን ሊለማመድ ወደ ብልባላ መጣ እንበል። ከልጆቹ ጋራ ተማክሮ፥ «አርፍዶ የመጣ ሁሉ ለችግኞቹ ውኃ ይቅዳ» የሚል ሕግ አወጡ፤ ሁሉም እጃቸውን አንሥተው ተስማሙ። በማግሥቱ ከሩቅ መንደር የምትመጣ አንዲት የድኃ ልጅ አርፍዳ ውኃ ቀዳች። ከጥቂት ቀንም በኋላ መምህሩ ራሱ አረፈደ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ዝም አሉ። ያች ልጅ ግን ተነሥታ፥ «ጋሼ፥ ሕጉ እርስዎንም ይመለከታልን?» አለችው። አንድ ትልቅ ልጅ፥ «መምህርን ትደፍሪያለሽን? ተቀመጪ!» ብሎ ተቈጣት።

መምህሩ በዚያን ጊዜ ልጅቱን ቢቀጣት ኖሮ፥ ልጆቹ ሁሉ ሕግ በደካማ ላይ ብቻ የሚጫን ቀንበር ነው ብለው በተማሩ ነበር፤ እውነት መናገርንም በፈሩ ነበር። እርሱ ግን፥ «መልካም ጠየቅሽ» ብሎ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ምንጩ ወረደ። ያ የተቈጣው ልጅ ሊሸከምለት ቢከተለው፥ «አንተ አላረፈድህም፤ ተመለስ» አለው።

በማግሥቱም መምህሩ፥ «በሕጋችን የሚጐዳ ሰው አለን?» ብሎ ልጆቹን ጠየቃቸው። ልጅቱም ወደ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ረጅም ቁልቍለትና ዳገት ተጕዛ መሆኑን ተናገረች። ልጆቹ መክረው፥ ከሩቅ ለሚመጡት ጥቂት ጊዜ እንዲታገሡላቸው ሕጉን አሻሻሉ። እንግዲህ የማይመች ሕግ በምክር ይሻሻላል እንጂ በጕልበት አይጣስም።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «መምህር እንዲህ ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ይናቃል» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአለንጋ የተገኘ ክብር አለንጋው ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ በፍርድ የተገኘ ክብር ግን መምህሩ በሌለበትም ይኖራል። እኩልነትም ታላቅን መድፈር አይደለም፤ ያች ልጅ የጠየቀችው በ«እርስዎ» ቃል ነበርና።

ልጆች ሆይ፥ ስታድጉ ከእናንተ አንዱ መምህር፥ አንዱ ዳኛ፥ አንዱም የቅሬ መሪ ይሆናል። ሥልጣን በእጃችሁ በገባ ጊዜ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ለሕግ አስገዙ። ዛሬ ግን የጓደኛችሁን ተራ ጠብቁ፥ ደካማው ሲናገር አድምጡ፥ እውነትንም በትሕትና ተናገሩ። ዜግነት የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ጥያቄ።
1. መንገደኛው ወታደር ሳይኖረው ቃሉ የተሰማው ስለ ምንድር ነው?
2. በ1923 ዓ.ም. እና በ1948 ዓ.ም. እንደራሴዎችን እንዲመርጡ የተፈቀደላቸው እነማን ነበሩ?
3. መምህሩ ትልቁን ልጅ «ተመለስ» ያለው ለምንድር ነው?
4. ከክፍላችሁ ሕግ በምክር ሊሻሻል የሚገባው የትኛው ነው?