ኤክስስታርት ላይ የሚቆም የኦኤስፒኤፍ ጉርብትና

ጥያቄ፦ በኦኤስፒኤፍ የተገናኙ ሁለት ራውተሮች ይተያያሉ፤ ጉርብትናቸው ግን ኤክስስታርት ላይ ይቆማል። ለምን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኤምቲዩ ልዩነት ነው። የኤሪያ ቁጥር፣ የሰብኔት ማስክ ወይም የሄሎና የዴድ ጊዜ (በኢተርኔት ላይ በተለምዶ 10 እና 40 ሰከንድ) ቢለያይ ኖሮ ጉርብትናው እዚህ ደረጃ አይደርስም ነበር። የሄሎ ፓኬት ትንሽ ስለሆነ ያልፋል። ቀጥሎ በሚመጣው የዳታቤዝ መግለጫ ፓኬት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ራውተር የኢንተርፌሱን ኤምቲዩ ይጽፋል፤ አንዱ 9000 ሌላው 1500 ከሆነ ባለ 1500ው ፓኬቱን አይቀበልም። ፒንግ መሥራቱ አያዘናጋ፤ ተራ ፒንግም ትንሽ ነው። መፍትሔው ኤምቲዩውን በሁለቱም ወገን እኩል ማድረግ ነው። በሲስኮ ራውተር ላይ ልዩነቱን ችላ የሚያስብል ትእዛዝ አለ፤ ጉርብትናውን ያስነሳል እንጂ ትልልቅ ፓኬቶች መንገድ ላይ መጣላቸውን አያስቀርም።