ማውጣትና ማውረድ የበዛበት ልብ



በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ሩቅ አይደለም፤ በየቤታችን ያለ ነው። አንድ ወጣት ከፊቱ ከባድ ምርጫ ሲደቀንበት ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ሌሊት የቆረጠውን ጧት ያፈርሳል። ሰው ሲጠይቀው «እያሰብኩበት ነው» ይላል። ማሰብማ መልካም ነው፤ ሳያስብ የሚዘልለውን ማንም አያመሰግነውም። ችግሩ ያለው ማሰቡ አዲስ ነገር ማምጣቱን ካቆመ በኋላም ሲቀጥል ነው። ትናንት ማታ ያሰብነውን ዛሬ ማታም በዚያው ቅደም ተከተል የምናስበው ከሆነ፣ ያ ማሰብ መሆኑ ቀርቶ ፍርሃት ሆኗል።

ለምን እንፈራለን? አንዱን በር ስንመርጥ ሌላው የሚዘጋብን ስለሚመስለን ነው። ሁለቱም ክፍት ሆነው እንዲቆዩልን እንመኛለን። አባቶች ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ብለዋል። ደግሞም የቤተ ሰብ ዐይን አለ፤ «ልጃችን ምን ሆነ?» የሚለው የጎረቤት ጥያቄ አለ። እንዲያውም ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀን ምርጫው ሳይሆን፣ ቢከሽፍ የምንሰጠው መልስ ሳይሆን አይቀርም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን እንውሰድ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። እንግዲህ ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ ወጣት በአንድ ቀን አዲስ ጥያቄ ወደቀበት ማለት ነው። እንደገና ልፈተን? ቴክኒክና ሙያ ልግባ? ሬሜዲያል የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ዕድሉ ከደረሰኝ ልቀበል? ሥራ ልፈልግ? እያንዳንዱ የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው፤ ስለዚህ ሁሉንም ደጋግመን እንመዝናለን። በዚህ መካከል የቴክኒክና ሙያው ምዝገባ ይዘጋል። ዓመቱ ያልፋል። ያልወሰነው ልጅም በነገሩ ተወስኖበት ከሁለት ያጣ ይሆናል።

«ነገ የሚሆነውን ካላወቅሁ እንዴት እወስናለሁ?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ እኅቶቻችን ከየገጠሩ መጥተው የልብስ ስፌት ሥራ ያዙ። ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ ከወላጅ መራቁን አስልተው ነው የገቡት። ይሁን እንጂ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የገበያ ዕድል እንደምታስወጣና የሥራው ነገር እንደሚናወጥ የትኛዋ ልጅ፣ በየትኛው ሌሊት አስባ ልትደርስበት ትችል ነበር? ዓመት ሙሉ ብታስብስ? የማይታወቀውን በማሰብ ብዛት ማወቅ አይቻልም። የሚቻለው ሥራው ቢቆም ወዴት እንደምትዞር አስቀድማ ማየት ነው። በማታ ትምህርት ሙያ ጨምራ የቆየችው እኅት ይህን ታውቃለች።

ሌላም አደጋ አለ፤ እኛ ከሁሉ የምንፈራው ይህን ነው። ለረጅም ጊዜ ያመነታ ሰው በመጨረሻ በማስተዋል አይወስንም፤ ይደክመውና በአንድ ምሽት ይቆርጣል። ከተማችን ያለችው ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ስለሚሄዱ ወጣቶች ያልሰማ የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው አውራጃ፣ 64 ወገኖቻችን በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። እነርሱ ሁሉ በማመንታት ደክመው የተነሡ ናቸው አንልም፤ ድህነትም ገፊ ነው። ደላላው ግን ያመነታ ልጅን ልብ ያውቃል። «ማክሰኞ ማታ እንነሣለን» ይለዋል። ሌላ ማንም ቀን ቆርጦ አልነገረውምና፣ ለደከመው ልጅ ያቺ ማክሰኞ ዕረፍት ትመስለዋለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ የምንመርጠው ነገር የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ? ብለን እንለይ። የትምህርት ክፍል መለወጥ፣ ሥራ መቀየር ያስቸግራል እንጂ ይቻላል። ትዳርና ስደት ግን ሌላ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ የዘገየ አይነቀፍም። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ ለሚመለሰው ወራት እናባክንና ለማይመለሰው አንድ ምሽት እንሰጣለን። ከዚያ ጥያቄውን በወረቀት ላይ መጻፍ ይጠቅማል፤ በጭንቅላት ውስጥ አሥር የመሰለው ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ሦስት ሆኖ ይገኛል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ሊቅ ኸርበርት ሳይመን፣ ሰው ያለውን ምርጫ ሁሉ አወዳድሮ ከሁሉ የሚበልጠውን ማግኘት እንደማይችል፣ ይልቁንም «ይህን ካሟላ ይበቃኛል» የሚል መስፈርት አውጥቶ ያንን ያሟላውን እንደሚይዝ አስተምሯል። እናቶቻችን ገበያ ወርደው ሽንኩርት ሲገዙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ገበያውን ሙሉ ሲዞሩ አይመሹም።

ምክርም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አሥራ አምስት ሰው መጠየቅ ሌላው የማመንታት መንገድ ነው። የሚወደንን አንድ ሰው፣ በመንገዱም ያለፈበትን አንድ ሰው ብንጠይቅ ይበቃል።

የተራራችን ስም የተወሰደበት ታቦር በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 ይገኛል። ባርቅ 10,000 ሰው ይዞ ወደዚያ እንዲወጣ ሲታዘዝ፣ በፊቱ 900 የብረት ሰረገላ ያለው ሲሣራ ነበርና አመነታ። ዲቦራ አብራው ካልሄደች እንደማይሄድ ተናገረ። በዚህ የሚነቅፉት አሉ፤ ክብሩም ለሴት እንደሚሆን በዚያው ተነግሮታል። እኛ ግን ባርቅ ያደረገውን እንመልከት፦ ሰረገላው እንዲቀነስለት አልጠየቀም፣ ቀኑም እንዲራዘም አልለመነም። የጠየቀው አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ዲቦራም ስለ ድፍረት ረጅም ትምህርት አልሰጠችውም፤ ተነሥታ አብራው ሄደች። ቀኑ ሲደርስም ዛሬ ነው፣ ተነሣ አለችው፤ እርሱም ከተራራው ወረደ።

በየሰፈራችን ወር ሙሉ «እያሰብኩበት ነው» የሚል ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን እንጠይቀው፤ ማስረጃዎቹን አብረን እንሰብስብ፤ ከዚያም ቢሮው ድረስ አብረነው እንሂድ።