በጨረቃ ቤት የሚያድግ ሕፃንና የተቅማጥ በሽታ

ያለ ፕላንና ያለ ካርታ፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ሌሊት የሚቆም ቤት በሕዝብ ዘንድ «ጨረቃ ቤት» ይባላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በቀርሳና በኮንቶማ እንዲህ ያሉ ብዙ ቤቶች ተሠርተው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ በፈረሱ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ መጠለያ አጣ። በዚያው ወራትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በከተማይቱ ገብቶ ነበር። ስለ ቤቱ ሕጋዊነት መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም፤ ሕፃኑ ግን ካርታ ኖረው አልኖረው የሚታመመው በአንድ መንገድ ነው።

መንገዱም ይህ ነው። ቧንቧ ያልገባለት ቤት ውሃ የሚያገኘው በጀሪካን እየገዛ ነው፤ 20 ሊትሩ ለመጠጥም፥ ለወጥም፥ ለእጥበትም ይሆናል። ውሃ ሲያንስ አስቀድሞ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው። ደግሞም ብዙዎች የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም ብለው ከደጅ ይደፉታል፤ ነገር ግን እርሱም እንደ አዋቂው በሽታ አምጪ ተሐዋስያን አሉበት፥ በዝንብና በእጅም ወደ አፍ ይመለሳሉ።

ስለዚህ የሕፃኑ ዓይነ ምድር ወደ ሰገራ ቤት ይጣል፤ ሰገራ ቤት ከሌለ ይቀበር። ለእጅም ብዙ ውሃ አያሻም፤ ከጆግ በቀጭኑ እያፈሰሱ በሳሙና፥ ሳሙና ከጠፋም በንጹሕ አመድ ማሸት ነው። ይህን ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርድ አይሆንም፤ የጋራ ቦኖና የጋራ መጸዳጃ ማቆም የአስተዳደር ሥራ ነው።

ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውሃም አይቅመስ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባት በስድስተኛው ሳምንት ይጀመራል፤ ቤተ ሰቡ ሰፈር ቢለውጥ የክትባቱ ካርድ ከዕቃ ሁሉ በፊት ይያዝ።

ተቅማጥ ከጀመረ በኋላ ሕፃኑን የሚገድለው በአብዛኛው ከሰውነቱ የውሃ ማለቅ ነው። «ያባብስበታል» ብሎ መጠጥ መከልከል፥ ወይም «ግግ ነው» ብሎ የወተት ጥርሱን ማስነቀል፥ የታመመውን ዳግመኛ መጉዳት ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተባለው አንድ ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ይበጥበጥ፤ እስኪገኝም ድረስ በዚያው ልክ ውሃ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመር። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ስኒ ያህል በማንኪያ ይሰጠው፤ ቢያስታውክ 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ እያሉ እንደገና መጀመር ነው። ጡቱም አይቋረጥ። የተረፈው በማግሥቱ ይደፋ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፥ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፥ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ቶሎ ካልተመለሰ፥ ደም ከታየ ወይም መጠጣት ካቃተው፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድም ይሰጠው።