ነጌቲቭ መልስ የማይፈቀድበት ሊስት ስኩዌር፦ ቶለራንሱን ስንት እናድርገው?

ይህች አጭር ትምህርት በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ላላችሁ ናት።

ክብደት፣ የብክለት መጠን፣ የብርሃን ጥንካሬ ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ ሲ ሲባዛ በኤክስ ለዲ እንዲቀርብ ኤክስን ስንፈልግ «ከዜሮ አይነስ» የሚል ገደብ እንጨምራለን።

«ተራውን ሠርቼ ነጌቲቩን በዜሮ ብተካውስ?» የሚል አይጠፋም። በምሳሌ እንየው። የሲ የመጀመሪያ ረድፍ 1 እና 1፣ ሁለተኛው 0 እና 1 ይሁን፤ ዲ ደግሞ 2 እና -1። ተራው መልስ 3 እና -1 ነው። -1ን በዜሮ ብንተካ የስህተቶቹ ስኩዌር ድምር 2 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 2 እና 0 ሲሆን ድምሩ 1 ብቻ ነው።

ማትላብ ላይ ይህን የሚሠራው ኤልኤስኪውኖንኔግ ነው። መሠረቱ ላውሰንና ሃንሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስልት ነው። ሁሉንም ዜሮ አድርጎ ይጀምርና የሲን ትራንስፖዝ በቀሪው ስህተት ያባዛል። ውጤቱ ከቶልኤክስ የሚበልጥ ካለ ያንን ተለዋዋጭ ከዜሮ ይለቀዋል፤ ከሌለ ያቆማል።

ካልነካነው ቶልኤክስ 10 × ኢፕስ × የሲ 1-ኖርም × የሲ ረጅሙ ጎን ነው። ለምሳሌያችን 9 × 10⁻¹⁵ ገደማ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ዲ እዚህ ስሌት ውስጥ የለም!

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ (የብረቱ) መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህን በኪሎግራም ብንጽፈው 10⁻⁸ ይሆናል። የሲ ቁጥሮች 1 አካባቢ ሆነው ቶልኤክስን በልማድ 10⁻⁶ ካደረግነው ፕሮግራሙ ገና ሲጀምር ያቆማል። መልሱ ዜሮ፣ ኤግዚትፍላጉም 1፣ ማለትም «ተሳክቷል»። የተበከለ ውሃ «ንጹሕ» ተብሎ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል።

ስለዚህ፦

1. ዲን 1 አካባቢ ወደሚያደርግ መለኪያ ቀይሩ፤ በማይክሮግራም ሥሩ።
2. ቶልኤክስን ያለ ምክንያት አትንኩ። ኤግዚትፍላግ 0 ከሆነ የዙር ገደቡ አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ በኦፕቲምሴት ጥቂት ከፍ አድርጉት።
3. ላምዳን ተመልከቱ። ኤክስ ዜሮ በሆነበት ቦታ ላምዳ ነጌቲቭ ወይም ዜሮ መሆን አለበት። በእርሳሱ ምሳሌ ግን ፖዘቲቭ 10⁻⁸ አካባቢ ሆኖ ያጋልጠዋል።

ዜሮ መልስ ሲመጣ ከመጻፋችሁ በፊት መለኪያውን ቀይራችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት።