ትክክለኛነት ወይስ ወጥነት? በሲ ኤን ሲ ማሽን በቤት የሚሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር የፍሬት አቀማመጥ

ኤሌክትሪክ ጊታር ከመነሻው ለማሽን ሥራ ታስቦ የተነደፈ መሣሪያ ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ያቀረበው ጊታር ገላው ከወጥ ጣውላ የተቆረጠ ሲሆን፣ አንገቱ ደግሞ በኮላ ከመጣበቅ ይልቅ በአራት ብሎን ከገላው ጋር የታሰረ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቁጥር የሚመራ የብረት መቁረጫ ማሽን ለዕይታ ቀረበ። ሁለቱ ፈጠራዎች ለረጅም ጊዜ ሳይገናኙ ቆይተዋል። ዛሬ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ሲ ኤን ሲ ማሽን ያለው ሰው በመኖሪያ ቤቱ ጊታር መሥራት ይችላል።

በዚህ ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥያቄ ማሽኑ በምን ያህል ትክክለኛነት ይቆርጣል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ወደ ዋናው ጉዳይ አያደርስም። ጊታር የሚፈልገው ትክክለኛነት በሁሉም ክፍሎቹ ላይ እኩል አይደለምና። የክሩ ከፍታ በብሎን ይስተካከላል፤ አንገቱ ሲጎብጥ በውስጡ በተቀበረው የብረት ዘንግ ይቃናል፤ ብሪጅ የሚባለው የታችኛው የክር ማረፊያም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ከተተከለ በኋላ የማይነቃነቀው ፍሬት ብቻ ነው። የተበላሸ የጣት ሰሌዳ አይታረምም፤ የሚቀረው ዕጣ መጣል ነው።

የፍሬቶች ቦታ የሚወሰነው በንጽጽር ነው። በእኩል ክፍፍል ሥርዓት እያንዳንዱ ፍሬት የቀረውን የክር ርዝመት ለ2 አሥራ ሁለተኛ ሥር፣ ማለትም ለ1.05946 ያካፍላል። በፌንደር ጊታሮች በተለመደው የ647.7 ሚሊሜትር የክር ርዝመት ሲሰላ የመጀመሪያው ፍሬት ከላይኛው የክር ማረፊያ 36.35 ሚሊሜትር፣ አሥራ ሁለተኛው ደግሞ በትክክል እኩሌታው ላይ፣ 323.85 ሚሊሜትር ርቆ ይቀመጣል። ይህ ስሌት ለመሣሪያ ሠሪዎች ሁልጊዜ ቅርብ አልነበረም። የጋሊሌዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1581 ባሳተመው ድርሳን፣ ለሉት መሣሪያ የቀረው ርዝመት በየፍሬቱ አንድ አሥራ ስምንተኛ እየተቀነሰ እንዲሄድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ደንቡ በክርክምና በማስመሪያ ለሚሠራ ሰው እጅግ ምቹ ነው። ሆኖም ከአሥራ ሁለት ፍሬት በኋላ ውጤቱ ከእኩሌታው 2.4 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል፤ በድምፅ ሲለካ ደግሞ ከኦክታቭ 12.5 ሴንት ዝቅ ይላል። አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው።

አሁን የማሽኑን ስሕተት በዚሁ መለኪያ መመዘን ይቻላል። አንድ ፍሬት ከቦታው 0.1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የሚፈጠረው ልዩነት 0.5 ሴንት ገደማ ነው። የቀረው ክር 181.8 ሚሊሜትር ብቻ በሚሆንበት በሃያ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ወደ 1 ሴንት ይደርሳል። የሠለጠነ ጆሮ በተከታታይ ከሚሰሙ ሁለት ድምፆች የሚለየው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 5 ሴንት አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ ርካሽ የሚባለው ማሽን እንኳ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። ታዲያ በቤት የተሠሩ ጊታሮች ቅኝታቸው የሚበላሸው ለምንድን ነው?

መልሱ ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን ከመለየት ይጀምራል። የመጀመሪያው ወጥ ስሕተት ነው። የማሽኑ የእርምጃ ልኬት በአንድ በመቶ ተሳስቶ ቢገኝ፣ 647.7 ሚሊሜትር ተብሎ የታዘዘው 654.2 ሚሊሜትር ሆኖ ይቆረጣል። በብረት ሥራ ይህ ከባድ ጥፋት ነው። በጊታር ግን ሁሉም ፍሬት በአንድ መጠን ስለሚሳሳት ንጽጽሩ አይነካም። ሠሪው የብሪጁን ቦታ ከንድፉ ላይ ሳይሆን ከተቆረጠው ሰሌዳ ላይ፣ የአሥራ ሁለተኛውን ፍሬት ርቀት በእጥፍ ወስዶ ካገኘው፣ ጊታሩ ጥቂት ረዘም ያለ ግን ቅኝቱን የጠበቀ መሣሪያ ይሆናል።

ሁለተኛው የዝለት ስሕተት ነው። አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች የሚንቀሳቀሱት በስቴፐር ሞተር ሲሆን፣ ሞተሩ የታዘዘውን እርምጃ መሄዱን የሚያረጋግጥ መልሶ መለኪያ የላቸውም። መቁረጫው ጠንካራ ቃጫ ላይ ሲደርስ ወይም ፍጥነቱ ሲበዛ ሞተሩ እርምጃ ይስታል፤ ማሽኑ ግን ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። በሰባተኛውና በስምንተኛው ፍሬት መካከል የ1 ሚሊሜትር ዝለት ቢከሰት፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ በዚያው ልክ ይዛነፋሉ። ልዩነቱ በስምንተኛው ላይ 4 ሴንት ገደማ፣ በሃያ ሁለተኛው ላይ ከ9 ሴንት በላይ ነው። ይህን ብሪጁን በማንቀሳቀስ ማስተካከል አይቻልም፤ የላይኞቹን ፍሬቶች ሲያቀኑ የታችኞቹ ይበላሻሉ።

ከዝለት ጋር የሚመሳሰል ስሕተት ከማሽኑ ሳይሆን ከትእዛዙም ሊመነጭ ይችላል። እያንዳንዱ ፍሬት ከቀደመው ፍሬት ተለክቶ፣ ክፍተቶቹም ወደ ቅርቡ 0.1 ሚሊሜትር ተጠጋግተው ቢጻፉ፣ ስሕተቱ እየተደመረ በከፋው ሁኔታ በሃያ ሁለተኛው ላይ 1.1 ሚሊሜትር፣ ማለትም ወደ 10 ሴንት ሊደርስ ይችላል። ሁሉም ፍሬቶች ከአንድ ዜሮ ነጥብ ሲለኩ ግን መደመሩ አይኖርም። በማሽኑ ዘንግ ውስጥ ያለው ክፍተት የሚያስከትለው መንሸራተትም በተመሳሳይ መንገድ ይገታል፦ መቁረጫው ወደ እያንዳንዱ ቦታ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ እንዲቀርብ ከታዘዘ፣ መንሸራተቱ ለሁሉም እኩል ይሆናል፤ እኩል ሲሆን ደግሞ ጉዳት አያመጣም።

ለፍሬት የሚቆረጠው ቦይ ስፋቱ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህ ቅጥነት ያለ መቁረጫ በቀላሉ ስለሚሰበር፣ ቦዩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስሱ እየተደጋገመ መጠረብ አለበት። በመሀል የተሰበረ መቁረጫ ተቀይሮ ሥራው ሲቀጥል ዜሮ ነጥቡ ካልተመለሰ፣ ከላይ የተገለጸው ዝለት በሰው እጅ ተፈጠረ ማለት ነው። የቦዩ ስፋትም የራሱ መዘዝ አለው። ቢሰፋ ፍሬቱ ይላላል፤ ቢጠብ ደግሞ ሃያ ሁለቱ ፍሬቶች እንደ ሽብልቅ ገብተው አንገቱን ወደ ኋላ ያጎብጡታል።

እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላም መንቀሳቀሱን አያቆምም። እንጨት እርጥበት ሲጨምርና ሲቀንስ በቃጫው ርዝመት አቅጣጫ የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው። የጣት ሰሌዳው ቃጫ በአንገቱ ርዝመት ስለሚሄድ የፍሬቶቹ ርቀት ከሞላ ጎደል ይጠበቃል። በወርዱ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በገላው ላይ ለአንገቱ የሚቦረቦረው 56 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ፣ የእርጥበቱ መጠን በ3 በመቶ ሲለወጥ እንደ እንጨቱ ዓይነት 0.4 ሚሊሜትር ያህል ሊለወጥ ይችላል። ይህ ከማሽኑ ስሕተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክረምትና በጋ የአየሩን እርጥበት በእጅጉ በሚለዋውጡበት በኢትዮጵያ ደጋ፣ በሐምሌ የተቆረጠ የዋንዛ ገላ በጥር አንገቱን እንደ ቀድሞው ላይቀበል ይችላል። ጣውላው በሥራ ቤቱ ውስጥ ሳምንታት አርፎ፣ በመጀመሪያ በሻካራው ተቆርጦ፣ ከዚያም እንደገና ካረፈ በኋላ ብቻ ወደ መጨረሻው ልክ ቢመጣ ይሻላል። የቤት ሠሪዎች በጥድፊያ የሚዘሉት ደረጃ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የመቀመጫው መጣመምም ቸል አይባልም፤ በ75 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ የ0.2 ሚሊሜትር መጣመም 450 ሚሊሜትር ያህል በሚርቀው የአንገቱ ጫፍ ላይ 1.2 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የዳሩ ክር ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ይንሸራተታል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የእኩል ክፍፍሉ ቁጥሮች እንደ ተሰጡ የተወሰዱበት ነው። ማሽኑ ግን ለእነዚህ ቁጥሮች የተለየ አድልዎ የለውም። ለምሳሌ የ5 ለ4 ንጽጽር ያለው ንጹሕ ሦስተኛ ድምፅ ከላይኛው ማረፊያ 129.54 ሚሊሜትር ላይ ይገኛል፤ በእኩል ክፍፍል ተቀራራቢው አራተኛው ፍሬት ደግሞ 133.62 ሚሊሜትር ላይ ነው። የ4 ሚሊሜትሩ ልዩነት ወደ 14 ሴንት ይጠጋል። የማሽኑን ስሕተት ከ0.1 ወደ 0.05 ሚሊሜትር ለማውረድ የሚደክም ሰው፣ ከዚህ አርባ ጊዜ የሚበልጠውን ምርጫ ሳያስተውል ሊያልፈው ይችላል።

ይህ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ጥናት ተግባራዊ ትርጉም አለው። ክራርና በገና ፍሬት ስለሌላቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በደርዳሪው ጆሮ እየተቃኙ ይጫወቱባቸዋል። እነዚህ ቅኝቶች ወደ ጊታር ሲሻገሩ በአሥራ ሁለቱ እኩል ክፍሎች ውስጥ መግባት ግድ ይሆንባቸዋል። የደርዳሪዎች ቅኝት በድምፅ መቅረጫ ተለክቶ ወደ ፍሬት ርቀት ቢለወጥ፣ ፋይሉን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፦ አንድ ቀጥ ያለ ፍሬት ስድስቱን ክሮች በአንድነት ስለሚያገለግል፣ ለአንዱ ክር የተስማማው ቦታ በሌላው ላይ ያልተፈለገ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ጊታሩ የሚቃኝበት የክሮቹ ድምፅ ከፍሬቱ ጋር አብሮ መወሰን አለበት። አንገቱ በአራት ብሎን የሚፈታ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ለአንድ ገላ ሁለት አንገት፣ አንዱ በእኩል ክፍፍል፣ ሌላው በተለካው ቅኝት ተቆርጦ፣ በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ፒክአፕ እየተፈራረቀ ቢደመጥ፣ የሚሰማው ልዩነት በአመዛኙ ከፍሬቱ ቦታ የመጣ ይሆናል።